ስለ ሕፃናት ድንገተኛ ሕመምና ስለ ወላጆች ድንጋጤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከሩቅ የመጣ አይደለም። ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ገና ያላሳደገውም አንድ ቀን ይደርስበት ይሆናል። ይኸውም ማታ በደኅና የተኛ ሕፃን በእኩለ ሌሊት በድንገት ታሞ ሲገኝ በአባትና በእናት ላይ የሚወድቀው ድንጋጤ ነው። በዚያች ሰዓት ወላጅ ምን ማድረግ ይገባዋል? ምንስ ማድረግ አይገባውም? እምነቱስ በዚያች ሰዓት ወዴት ትገኛለች?

ይህን የምነግራችሁ ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ቤት የደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደብረ ብርሃን ስንኖር፥ ወሩ ነሐሴ፥ ጾሙም ፍልሰታ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የክረምቷ ብርድ እንዴት እንደ ሆነ የኖረባት ያውቀዋል። የመጨረሻው ልጃችን ያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ቀን ጥቂት ንፍጥና ሳል ነበረው፤ ማታ ሰውነቱ ጋለ። እኛም ብርድ መትቶት ይሆናል ብለን በጋቢና በብርድ ልብስ ደራርበን ሸፍነን አስተኛነው።

ሌሊቱ ሲጋመስ ባለቤቴ ጮኸች። መብራት አብርቼ ባየሁ ጊዜ የሕፃኑ ዐይን ወደ ላይ ተገልብጦ፥ ጥርሱ ገጥሞ፥ እጅና እግሩ ተገትሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ከአፉም አረፋ ይወጣል። እናቱ «እመብርሃን ድረሽልኝ!» እያለች አቅፋው በቤቱ ውስጥ ትዞራለች። እኔ ግን፥ በዐውደ ምሕረት ቆሜ ኀዘንተኛን አጽናና የነበርሁት፥ አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። እጄ ያገኘው ማንኪያ ነበርና ምላሱን እንዳይነክስ ብዬ በጥርሱ መካከል በግድ አስገባሁት፤ ድዱም ደማ።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤቶች ደረሱ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ጢሱን ወደ ሕፃኑ አፍንጫ አቀረበ። ሌላዋ ዳማ ከሴ ጨምቃ በአፉ ልታንቆረቁርለት ፈለገች። ሦስተኛዋ «ይህስ የዐይን ነው» አለች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ወደ አንዲት ጎረቤታችን ተመለከተ፤ በዚያው ቀን ቡና ልትጠጣ መጥታ ሕፃኑን አቅፋ «እንዴት ያምራል» ብላ ነበርና። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ወጥታ ሄደች። እኔም አየሁ፤ አይቼም ዝም አልሁ።

ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለን ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ ገና በመንገድ ላይ ሳለን መንቀጥቀጡ በራሱ ተወው፤ ሰውነቱም ላልቶ እንቅልፍ ወሰደው። ተረኛዋ ነርስ ተቀብላ ከመረመረችው በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብላ «አባታችን፥ ስንት ደቂቃ ቆየበት? ከዚህ በፊትስ ይዞት ያውቃል? በዚህ ሰሞን ወደ ቆላ ወርዶ ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመጀመሪያው ጥያቄዋ መልስ አልነበረኝም። ለእኔ ሌሊቱን ሙሉ የቆየ መስሎኝ ነበርና። ማንኪያ ፈልጌ ነበር፤ ሰዓት ግን አላየሁም ነበር።

ምእመናን ሆይ! ከዚያች ሌሊት በኋላ የማርቆስን ወንጌል ምዕራፍ 9ን ባነበብሁ ጊዜ ቀድሞ ብዙ ጊዜ አንብቤው ያላስተዋልሁትን ነገር አስተዋልሁ። በዚያ ምዕራፍ አንድ አባት የሚወድቅና አረፋ የሚደፍቅ ልጁን ወደ ጌታችን አመጣ። ጌታችንም ልጁን ከመፈወሱ አስቀድሞ ይህ ነገር ካገኘው ምን ያህል ዘመን እንደ ሆነ አባቱን ጠየቀው። እንግዲህ እርሱ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሲሆን ስለ ምን ጠየቀ? አዳምን ወዴት እንዳለ፥ የአልዓዛርንም መቃብር ወዴት እንደ ሆነ እንደ ጠየቀ፥ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አባትየው ያየውን እንዲናገር ዕድል ሊሰጠው ፈልጎ ነው። አባትየውም ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜም በእሳትና በውኃ ላይ እንደ ጣለው አንድ በአንድ ተናገረ። ከዚህ በኋላ ነው እያለቀሰ እምነቱን የመሰከረው፥ ለጎደለውም እምነቱ ርዳታ የለመነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። መጀመሪያው፥ የሚንቀጠቀጥ ወላጅ እምነት የሌለው ወላጅ አለመሆኑ ነው። ያ አባት እየፈራ መጣ፤ ጌታችንም ስለ ፍርሃቱ አልመለሰውም። ሁለተኛው፥ አባትየው የልጁን ሕመም በዐይኑ ተከታትሎ ያወቀ ሰው መሆኑ ነው። ሳይሸሽ አየ፤ ያየውን ያዘ፤ ልጁንም አቅፎ ወደሚረዳው አመጣ፤ ሳይደብቅም ተናገረ። በዚያች ሰዓት ከወላጅ የሚፈለገው ሥራ ይኸው ነው፦ ከልጁ ሳይለዩ መቆም፥ አስተውሎ ማየት፥ ወደሚረዳው ማድረስ፥ እውነቱን መናገር። ነገር ግን ያላወቁትን አስተውሎ ማየት ያስቸግራልና፥ ነርሷ በዚያች ሌሊት ያስረዳችንን፥ ኋላም ከሐኪሞች ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

ሐኪሞች ይህን ሕመም «የትኩሳት መንቀጥቀጥ» ይሉታል። የሚያገኘውም ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑትን ሕፃናት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረገው ጥናት ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል፤ እንግዲህ ብርቅ ነገር አይደለም። ምክንያቱም እንዲህ ነው። የሰው አእምሮ ከአካል ጋር የሚነጋገረው በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። የሕፃን አእምሮ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆነ፥ በጉሮሮ ወይም በጆሮ ሕመም፥ በጉንፋን ወይም በሌላ ደዌ ምክንያት ሰውነቱ በጋለ ጊዜ፥ በአንዳንዱ ሕፃን እነዚያ መልእክቶች ሥርዓታቸውን አጥተው በአንድ ጊዜ ይፈነዳሉ። ዐይን የሚገለበጠው፥ እጅና እግርም የሚገተረውና የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ በዘር የሚወርድበት ጊዜም አለ፤ ባለቤቴም በኋላ እናቷን ብትጠይቅ እርስዋን ራስዋን በሕፃንነቷ ይዟት እንደ ነበረ ነገረቻት።

አብዛኛው የትኩሳት መንቀጥቀጥ 5 ደቂቃ ሳይሞላው በራሱ ያቆማል። ከዚያም ሕፃኑ ይደክማል፤ ይተኛል። ለሚያየው ሰው ሞት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው አጭር መንቀጥቀጥ አእምሮን አይጎዳም፤ ልጁንም ደንቆሮ አያደርገውም። ከያዛቸው ከ3 ሕፃናት አንዱን ያህል ደግሞ ሊይዘው ይችላል፤ ዕድሜው ከፍ ሲል ግን ይተወዋል። «የሚጥል በሽታ» ከሚባለውም የተለየ ነው፤ በትኩሳት የተንቀጠቀጡ ሕፃናት አብዛኞቹ የሚጥል በሽታ ሳይዛቸው ያድጋሉ።

እንግዲህ ሕፃኑ በተንቀጠቀጠ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው። አንደኛ፥ መሬት ላይ ወይም ሰፊ መኝታ ላይ በጎኑ አስተኙት፤ አረፋውና ምራቁ ወደ ውጭ እንዲፈስስ፥ ትንፋሹም እንዳይታፈን ነው። ሁለተኛ፥ በአጠገቡ ያለውን እሳት፥ ድንጋይና ስለት ያለውን ነገር አርቁ፤ በአንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ወይም ማተብ ቢኖር አላሉ። ሦስተኛ፥ ሰዓት ተመልከቱ፤ መንቀጥቀጡ የጀመረበትንና ያቆመበትን ጊዜ ያዙ። አራተኛ፥ ሁለት እጁ ነው የተንቀጠቀጠው ወይስ አንዱ ብቻ፥ ይህን አስተውሉ፤ ሐኪሙ ይጠይቃችኋልና።

የማይደረገውም ይህ ነው። ማንኪያም ቢሆን፥ ጣትም ቢሆን፥ ጨርቅም ቢሆን በአፉ አታስገቡ፤ ሰው ምላሱን አይውጥም፤ ማንኪያው ግን ጥርስ ይሰብራል፥ ትንፋሽም ይዘጋል። እጅና እግሩን በጉልበት አትያዙ። ክብሪት ጭራችሁ ጢስ አታሽትቱት፤ ጢሱ ትንፋሹን ያውካል እንጂ አይረዳውም። ፈጽሞ ሳይነቃ ውኃም ሆነ ጠበል፥ ዳማ ከሴም ሆነ የሐኪም መድኃኒት በአፉ አታንቆርቁሩ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በቀዝቃዛ ውኃም አትንከሩት። ትኩሳት ያለበትን ሕፃን እኛ እንዳደረግነው በጋቢ ላይ ጋቢ አትደርቡበት፤ ስስ ልብስ ይበቃዋል። ከነቃ በኋላ ጡት ወይም ውኃ ይጠጣ። ለትኩሳቱ የሚሰጠው የፓራሲታሞል መጠን እንደ ክብደቱ ስለ ሆነ ከባለሙያ ጠይቃችሁ ስጡት፤ አስፕሪን ግን ለሕፃን አይሰጥም።

ነገር ግን፥ ምእመናን ሆይ፥ መንቀጥቀጡ ቆመ ብላችሁ በቤታችሁ አትቀመጡ። ትኩሳትና መንቀጥቀጥ አብረው የሚመጡባቸው ከባድ ደዌዎች አሉና። አንዱ አእምሮን የሚይዘው የወባ ዓይነት ነው። ነርሷ ሕፃኑ ወደ ቆላ ወርዶ እንደ ሆነ የጠየቀችኝ ስለዚህ ነው፤ ወባ በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ይገኛልና። ጣርማ በርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሰንብቶ የተመለሰ ሕፃን በደጋ ቤቱ ሳለ ወባ ሊነሣበት ይችላል። ሁለተኛው ማጅራት ገትር ነው። ስለዚህ በትኩሳት የተንቀጠቀጠ ሕፃን በዚያው ቀን መመርመር አለበት። መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ፥ ወይም በአንድ ቀን ተደጋግሞ ከመጣ፥ ሕፃኑ ካልነቃ፥ መጥባትና መጠጣት ካቃተው፥ የጠጣውን ሁሉ ካስታወከ፥ አንገቱ ከገተረ፥ እርግብግቢቱ ካበጠ፥ ትንፋሹ ከተቸገረ፥ ወይም ዕድሜው ገና 6 ወር ካልሞላ፥ አንዲት ሰዓት ሳታባክኑ ወደ ሕክምና አድርሱት፤ የማያቋርጠውን መንቀጥቀጥ የሚያስቆም መድኃኒት በዚያ አለና። በገጠር ያላችሁም፥ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው በተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተጠቀሙ፤ የቅርቡን ጤና ጣቢያና የሚወስደውን መኪና ከወዲሁ እወቁ።

የእኛ ልጅ ጉሮሮው ቆስሎ ነበር የተገኘው። በሦስተኛው ቀን እንደ ልማዱ ይሮጥ ጀመር። በሽታው ከቤታችን ወጣ፤ ነገር ግን ከበሽታው የባሰ ነገር ትቶልን ሄዶ ነበር፤ እርሱም «ማን ነው ጥፋተኛው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባለቤቴ «ቀን ደጅ ባላወጣው ኖሮ» እያለች ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ግንባሩን ትዳስስ ነበር። እኔም በልቤ «በኃጢአቴ ይሆን?» እል ነበር። ሰፈሩ ደግሞ በዚያች ጎረቤታችን ላይ ፈርዶ ነበር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፥ ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ይህ የሆነው በእርሱ ኃጢአት ነው ወይስ በወላጆቹ ብለው ጠየቁ። ጌታችንም እርሱም ወላጆቹም ስለ በደሉ እንዳልሆነ ነገራቸው። በታመመ ሕፃን አጠገብ ቆሞ በደለኛ መፈለግ እንግዲህ የጌታ ትምህርት አይደለም። መንቀጥቀጥ ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው የሚሉም የማቴዎስን ወንጌል ምዕራፍ 4 ያንብቡ፤ ወንጌላዊው ወደ ጌታ የመጡትን ሕሙማን ሲቈጥር አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፥ የሚጥል ሕመም ያለባቸውንም ለብቻ አድርጎ ነው የቈጠረው። ወንጌል የለየውን እኛ አንቀላቅል።

ይህን ባሰብሁ ጊዜ ጎረቤታችን ትዝ አለችኝ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ለቡና መጥታ አታውቅም፤ በመንገድም ስታየን ፊቷን ታዞር ነበር። የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ሕፃኑን ይዘን ወደ ቤቷ ሄድን። «በዚያች ሌሊት አይቼ ዝም በማለቴ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። እርስዋም ብዙ አለቀሰች። ባለቤቴ ሕፃኑን ልታሳቅፋት ብትል እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «እፈራለሁ» አለች። ባለቤቴ ግን በጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። እኔ ያን ጊዜ የተረዳሁት፥ የልጃችን ሕመም በ3 ቀን ሲድን፥ እኛ በዝምታችን ያመጣንባት ቁስል ግን ገና አለመዳኑን ነው።

ጎረቤት በእንዲህ ያለች ሰዓት እጅግ ያስፈልጋል፤ ሥራውን ግን ይወቅ። ጌታችን ወደ ኢያኢሮስ ቤት በገባ ጊዜ የሚጮኹትንና የሚያለቅሱትን ሁሉ አስወጥቶ አባትና እናትን ከሦስቱ ደቀ መዛሙርት ጋር አስቀረ፤ ብላቴናይቱንም ካስነሣት በኋላ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ። እናንተም ጎረቤቶች ሆይ፥ አየር እንዲያገኝ ከሕፃኑ ራቅ በሉ፤ አንዱ መኪና ይፈልግ፥ አንዱ መብራት ይያዝ፥ አንዷ የቀሩትን ልጆች ትጠብቅ፥ አንዷ በማግሥቱ ምግብ ሠርታ ታምጣ። አባትም እናቲቱን «አንቺ ነሽ ብርድ ያስመታሽው» አይበላት፤ ያች ቃል ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ለረጅም ዘመን ትኖራለችና።

ምናልባት «ጠበሉንስ እንተወውን? ጸሎቱንስ?» የሚል ይኖራል። አይሁን! መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ፥ ጸልየንም ለሐኪም ስፍራ እንድንሰጥ ያስተምረናል። ወንጌልን ከጻፉትም አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ክርክር በተነሣ ጊዜ፥ ጠበል መጠመቅ መድኃኒት መውሰድን እንደማይከለክል በግልጽ አስታውቀዋል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ እየሮጣችሁ ጸልዩ፤ ሕፃኑ ተመርምሮ ካገገመ በኋላም ወደ ጠበል አድርሱት። ጸሎት እግርን አያስርም፤ ያጸናል እንጂ።

በሚቀጥለው ዓመት ሕፃኑን ያው ሕመም ዳግመኛ ያዘው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዳግመኛም ፈራሁ፥ እጄም ተንቀጠቀጠ። ነገር ግን ማንኪያ አልፈለግሁም። በጎኑ አስተኛሁት፤ ባለቤቴ ሰዓቱን ያዘች፤ እኔም እጄን በጀርባው ላይ አድርጌ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርሁ፤ በዚህም ጊዜ ፈጸምሁት። ደግሞም ደገምሁት። በጤና ጣቢያው «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ብለው በጠየቁን ጊዜ ባለቤቴ «ሦስት ደቂቃ» ብላ መለሰች።

የሕፃናትን እጅ ይዞ ያነሣ አምላክ ልጆቻችሁን ይጠብቅላችሁ፤ በተጨነቃችሁባትም ሰዓት የሚያስተውል ልብና የማይሸሽ እጅ ይስጣችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።